ለእናቶቻችን የምንልከው ፍርሃት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖረውን አክስቴን ለፋይዳ፣ ለብሔራዊ መታወቂያው፣ ላስመዘግባት ወሰድኳት። ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቀን ተራዋ ሲደርስ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍና አላወጣም አለች። «ቺፕ ሊቀብሩብኝ ነው። ልጄ ከአሜሪካ ነግሮኛል» አለችኝ በጆሮዬ። ለካ በቴሌግራም የአራት ደቂቃ ድምፅ ልኮላት ሌሊት ሌሊት እየደጋገመች ስትሰማው ከርማለች። ሳትመዘገብ በባጃጅ ተመለስን። ቆይቶ ያው ልጇ ብር የሚልክላትን ሂሳብ ልክፈት ብላ ባንክ ብትሄድ ፋይዳ አምጪ ተባለች።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እኔም ስዊድን 19 ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ቺፕ አስቀብሮ የቢሮ በር ይከፍትበት ነበር። ማንም አላስገደደውም፣ ከፍሎ ነው ያስገባው። አስነክቶኛል፤ ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ትንቀሳቀሳለች። ባትሪ የላትም፣ ማንበቢያው በጣም ሲጠጋት ብቻ ቁጥሯን ትሰጣለች። የት እንደዋላችሁ ከሩቅ የሚከታተል ካለ፣ በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ ይበቃዋል።

ስጋቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቬሪቺፕ የተባለው ቺፕ ለሕክምና መረጃ እንዲውል አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የሜክሲኮው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ራፋኤል ማሴዶ ዴ ላ ኮንቻ እሳቸውም ሠራተኞቻቸውም ቺፕ ማስቀበራቸውን ተናገሩ። አለቃው ካስቀበረ የበታቹ በምን አፉ እምቢ ይላል? እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። በ2006 ደግሞ የቬሪቺፕን ቁጥር ቀድቶ አስመስሎ መሥራት እንደሚቻል ባለሙያ በተግባር አሳየ። የዊስኮንሲን ግዛት በዚያው ዓመት ሰውን አስገድዶ ቺፕ መቅበርን በሕግ ከለከለች። ደግ አደረገች።

ፋይዳ የሚቀብረው ነገር የለም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታና አድራሻ ይመዘግባል፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል። በቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ ላየ የድሬ ልጅ፣ እዚህ አለመጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቺፕ ቢሰረቅ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ አሻራ ቢሰረቅ ሌላ ጣት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጥያቄያችሁ መዝገቡን ማን ያየዋል፣ ለማንስ ይተላለፋል የሚል ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ራሳችሁ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቷችኋል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለእናታችሁ ድምፅ መላክ ካማራችሁ ይህን በቀስታ አስረዷት።

የራሳችሁንም ነገር ጠብቁ። እኔ ገና ስዊድን ሳለሁ ለቤት ጉዳይ የፓስፖርቴንና የቢጫ ካርዴን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን) ፎቶ ለአንድ ደላላ በቴሌግራም ላክሁ። ከወራት በኋላ የማላውቀው ሰው ደውሎ የትውልድ ቀኔን ጠርቶ ብር ጠየቀኝ። ቺፕ ፈርተን ፓስፖርታችንን ለማናውቀው እንበትናለን! መላክ ግድ ከሆነ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ምስሉ ላይ ጽፋችሁበት ላኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱም የተበላሸውን ቅጂ ሳትቀበሉ አትውጡ።

አክስቴ በሁለተኛው ጉዞ ተመዘገበች። ዕድሜ ልኳን ልብስ ያጠበችባቸው ጣቶች ልሰዋል፣ መሣሪያው አላነብ አለ። መዝጋቢው ልጅ «እማማ፣ አይዞሽ» እያለ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠረገ ሞከረ፣ በስንት መከራ ተያዘ። ውጪ ስንወጣ መዳፏን ለፀሐይ ዘርግታ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ስልኩን አቀብለኝ አለችና ለልጇ ድምፅ ቀዳች፦ «ልጄ፣ እጄ እንዳለ ነው።»