«ለኤችአይቪ መድኃኒት ተገኝቶለት የለም ወይ?»

ልጄ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት በጤና ጣቢያ ሠርተሻል፤ አሁን በኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ሁለተኛ ዲግሪ መማር ትፈልጊያለሽ፤ እንግሊዝኛሽና ሃያ ሰባት ዓመት መሙላትሽ ግን ያሳስብሻል። አባትሽ ግን «ለኤችአይቪ መድኃኒት ተገኝቶለት የለም ወይ? ማን ሊቀጥርሽ ነው? ሱቅ ክፈቺና ወንድሞችሽን አስተምሪ» አሉሽ።

ይህን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲዲ 4 የተባለውን ፕሮቲን በገጻቸው ላይ የተሸከሙትን፣ ኤችአይቪ የሚያጠቃቸውን የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ቆጥሬአለሁ። ወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ያለውን የደም ብልቃጥ ቀስ ብዬ እያገላበጥኩ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ከታካሚው እኩል ደስ እያለኝ። መድኃኒቱ ሰውን ከሞት አፋፍ ሲመልስ አይቻለሁ። ነገር ግን ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ አስቀድሞ የተያዘውን ህዋስ አይገድልም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ያን ህዋስ የሚገድል መንገድ የመፈለጉ ሥራ ገና አላለቀም፤ እሱም የኢሚዩኖሎጂ ሥራ ነው። ሰውነት ጀርምን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ በሁለት ክንዶቹ በተያዘው ህዋስ ገጽ ላይ ብቅ ያለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ይጨብጣል፤ ጅራቱን ደግሞ ተፈጥሯዊ ገዳይ ህዋስ የተባለ የመከላከያ ህዋስ ይይዘዋል። ገዳዩ ፐርፎሪን በተባለ ፕሮቲን የተያዘውን ህዋስ ሽፋን ይበሳና ግራንዛይም የተባሉ ገዳይ ኢንዛይሞችን አስገብቶ ያጠፋዋል። ቫይረሱም ይከላከላል፦ ኔፍና ቪፒዩ በተባሉ ፕሮቲኖቹ ሲዲ 4ን ከህዋሱ ገጽ ላይ ያነሳል። ሲዲ 4 እዚያው ቢቆይ የቫይረሱን ፕሮቲን ከፍቶ ለፀረ እንግዳ አካሉ ያጋልጠው ነበርና። ስቆጥረው የኖርኩት ሲዲ 4 ይህን ምስጢር እንደያዘ ያወቅሁት ከላቦራቶሪ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከ16,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የታይላንድ የክትባት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 የመያዝ ዕድልን 31 በመቶ ገደማ መቀነሱ ሲታወቅ፣ ተመራማሪዎች ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ግድያ ነበር። ተመሳሳይ ክትባት በደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ባለመሥራቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆመ። እንግዲህ ማን ይሥራው? ደግሞም ሪቱክሲማብን የመሰሉ የካንሰር መድኃኒቶች በከፊል የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ እውቀቱ ከኤችአይቪ ጋር አይቀበርም።

ወንድሞችሽን ማስተማር የአባትሽ ኃላፊነት ነው። ብታግዢ መልካም፤ የወደፊት ሕይወትሽን መያዣ አድርገሽ ግን አይሁን። እንግሊዝኛው በማንበብ ይሻሻላል፤ ሃያ ሰባት ዓመትም አልመሸብሽም።

ደመወዝሽን ግን አትልቀቂ። እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ያሉት የላቦራቶሪ ባለሙያ ሲፈልጉ አመልክቺ፤ ትምህርቱን እየሠራሽ ጀምሪ። በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት ፍሎው ሳይቶሜትሩን (ህዋሳትን በብርሃን የሚለየውና የሚቆጥረውን መሣሪያ) የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ ጠይቂና አጠገቡ ቁሚ።