ለሁለት ጭላንጭል ስንት ሰከንድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአስትሮፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምሠራው በተጋጩ ሁለት ጋላክሲዎች ላይ ነው። መሃላቸው ላይ በሦስት አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) የተራራቁ ሁለት ደማቅ ነጥቦች ይታያሉ፤ ሁለቱም ጋዝ እየዋጡ ያሉ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች መሆናቸውን በኤክስሬይ ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። በናሳ የጠፈር ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በቻንድራ ላይ የምልከታ ጊዜ ለመጠየቅ ማመልከቻ ጀምሬ 200 ኪሎሰከንድ (200 ሺህ ሰከንድ) ብዬ ጽፌያለሁ፤ ቢቆርጡብኝ እንኳ የሚበቃኝ እንዲተርፍ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለሌላ ዓላማ በተደረገ የ30 ኪሎሰከንድ ምልከታ ጥግ ላይ ጋላክሲዎቼ ገብተው አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን 30 ያህል ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ያለው አንድ ጭጋግ ብቻ ስለሆነ ትቼዋለሁ። አማካሪዬ በኤክስሬይ ሠርቶ አያውቅም። እንደኔ ላለ ስም የለሽ ተማሪ ይሰጣል? ወይስ የአውሮፓው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ኤክስኤምኤም-ኒውተን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ያቺን 200 እንሰርዛት። ገምጋሚ ሆኜ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ቀድሜ የምፈልገው የተጠየቀው ሰዓት ከየት እንደመጣ የሚናገረውን አንቀጽ ነበር። “ቢቆርጡብኝ” ተብሎ የተነፋ ቁጥር ከሩቅ ያስታውቃል። 200 ኪሎሰከንድ እኮ ከ55 ሰዓት በላይ ነው! ቻንድራ ምድርን አንድ ጊዜ የሚዞረው በ64 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ በምድር ዙሪያ ያሉትን የጨረር ቀበቶዎች ሲያቋርጥ መመልከት አይችልም። እንግዲህ አንድ ሙሉ ዙር ለኔ ብቻ ይሁን ብለሻል ማለት ነው።

የቴሌስኮፑ ምርጫ ብዙ አያከራክርም። ኤክስኤምኤም-ኒውተን ፎቶን በመሰብሰብ ቻንድራን ያስከነዳል፤ ሰፋ ላለና ለደብዛዛ ነገር እኔም እሱን እመርጣለሁ። ግን ምስሉ የአንድን ኮከብ ብርሃን እንኳ ወደ ስድስት አርክሰከንድ ያሰፋዋል። ያንቺ ነጥቦች የሚራራቁት በሦስት ነው፤ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ቻንድራ እስከ ግማሽ አርክሰከንድ ድረስ ለይቶ ያያል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊና እለፊው።

አሁን ወደ “ትቼዋለሁ” ልመለስ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኸው ነው። ያ ጭጋግ የማመልከቻሽ ጉልበት ነው። የቻንድራ መስታወት ጥራቱ መሃል ላይ ነው፤ ወደ ጠርዝ በሄድሽ ቁጥር ምስሉ ይሰፋል፤ ሁለት ነጥብ ነበሩ ቢባል እንኳ እዚያ ጥግ ላይ አይለዩም። ስለዚህ የምትጽፊው እንዲህ ነው፦ ከዚህ ቦታ ኤክስሬይ እንደሚመጣ ታውቋል፤ ከየትኛው ነጥብ እንደሚመጣ ግን አልታወቀም፤ ይህን መለየት የሚችለው ወደ መሃል አድርጎ መመልከት ብቻ ነው። ገምጋሚ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ቀነሰለታ።

ሒሳቡም ከዚያው ይወጣል። በ30 ሺህ ሰከንድ 30 ፎቶን ማለት በሰከንድ 0.001 ነው። ለሁለቱ እኩል ብናካፍለው ለእያንዳንዳቸው 0.0005 ይደርሳል። 40 ኪሎሰከንድ ብትጠይቂ ከእያንዳንዱ 20 ፎቶን ታገኛለሽ። ግን እኩል መሆናቸውን ማን ነገረሽ? አንዱ ሦስት እጅ፣ ሌላው አንድ እጅ ቢሆኑ ደካማው 10 ይደርሰዋል። አሥር ፎቶን ለሌላ መሣሪያ ምንም ማለት አይደለም፤ ለቻንድራ ግን በቂ ነው። አንድ አርክሰከንድ ሬዲየስ ባላት ክብ ውስጥ በ40 ኪሎሰከንድ ከጀርባ የሚመጣው ጫጫታ አንድ ፎቶን እንኳ አይሞላምና።

200 ቢሰጥሽ ከእያንዳንዱ ወደ 100 ፎቶን ይመጣል፤ ስፔክትረም (የፎቶኖቹን የኃይል ስርጭት) መሞከር ትችያለሽ። ያ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ያንቺ “ሁለቱም አሉ ወይ?” የሚል ነው፤ “ምን ዓይነት ናቸው?” የሚለው ሁለቱም መኖራቸው ሲታወቅ በሚቀጥለው ዓመት ይጠየቃል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያዬን ማመልከቻ ስጽፍ ከቆየ ምልከታ ላይ የፎቶኑን ቁጥር እንዳለ አንስቼ በሰከንድ አባዛሁት። ተመልሶ የመጣው አስተያየት አንዲት መስመር ነበረች፦ “አመልካቹ መሣሪያው ዛሬም እንደ ተመጠቀበት ዘመን ነው ብሎ ያስባል።” ፊቴ ነደደ፣ ግን እውነታቸውን ነው። ቻንድራ ከተመጠቀበት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1999 ወዲህ ኤሲስ የተባለው ካሜራ ማጣሪያ ላይ ቆሻሻ እየደረበ ሄዷል፤ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸውን ፎቶኖች ይውጣል። የ2003ቱን ቁጥር ፒምስ በተባለው ማስያ በኩል ወደ አሁኑ የማመልከቻ ዙር የመሣሪያ ብቃት አዙሪው፤ ጋላክሲው ከምልከታው መሃል በመራቁ የጠፋውንም አስቢለት። ደግነቱ አንቺ የምትተማመኚበት ከ2 እስከ 8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያለው ፎቶን ነው፤ እዚያ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ማስያው “የተመጠጠ” ወይስ “ያልተመጠጠ” ፍሰት ብሎ ሲጠይቅሽም ቆም በይ፤ በኛ ጋላክሲ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን መንገድ ላይ የሚያስቀረው አለ፤ ሁለቱን ያምታታ ብዙ ነው።

ስም የለሽነትሽን በተመለከተ፣ ቻንድራ ላይ ገምጋሚዎቹ ያመልካቹን ስም አያዩም። እንዲያውም ጣጣው የሚመጣው ራስሽን ስትገልጪ ነው፤ “ባለፈው ሥራችን እንዳሳየነው” የሚል ሐረግ ካለ አውጪው። የየትኛውም አገር ሰው ማመልከት ይችላል፣ ክፍያም የለውም። ከሰዓቱ ጋር የሚመጣው የምርምር ገንዘብ ግን አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ብቻ ነው። ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ ላይ ይወጣል፣ መዝጊያው መጋቢት ነው። ሳይንሱን የምታስረጂበት አራት ገጽ ነው፤ አንዱን ገጽ ስለ ጋላክሲዎች ግጭት ታሪክ አትጨርሺው፤ እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁታል። “በዚህ ሳምንት ይታይልኝ” የሚል ገደብም አታስገቢ፤ ጋላክሲሽ የትም አይሄድም፣ ለሰዓት መዳቢዎቹ ግን ራስ ምታት ነው።

የሚቀረው ገምጋሚዎቹ ሁልጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ ነው፦ አንዱ ብቻ ቢበራስ? መልሱን ቀድመሽ ጻፊው። በ40 ኪሎሰከንድ ከሌላው ነጥብ ምንም ፎቶን ካልመጣ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት እውነተኛው አማካይ ከሦስት ፎቶን አይበልጥም ማለት ይቻላል፤ ይህ ነጥቦቹ እኩል ናቸው ብለን ከጠበቅነው ከስድስት እጥፍ በላይ የደበዘዘ ነው። ያኔ ወይ ጉድጓዱ ጋዝ አይውጥም፣ ወይ በወፍራም ጋዝ ተሸፍኗል፤ ሁለቱም የሚታተም ውጤት ነው። ሁለቱም ቢበሩም ሥራው አላለቀም፤ ጥንድ ኮከቦችም ኤክስሬይ ይረጫሉ። የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን በሰከንድ ከ10⁴² ኧርግ (የኃይል መለኪያ) ሲያልፍ ነው ኮከቦችን ከጥርጣሬ ማውጣት የሚቻለው። ያንቺ ጋላክሲ በሚገኝበት ርቀት 10 ፎቶን ከዚህ በላይ መሆኑን አስልተሽ አረጋግጪ፤ በታች ከሆነ 40 የሚለውን ቁጥር እንደገና እናየዋለን፣ ጻፊልኝ።