ቆሞ የከረመ የጀልባ ሞተር እንዴት ይነሣል? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት ዳር ላይ ተጎትተው የቆዩ ጀልባዎችን የሚያድሱ ሰዎች ስለ ናፍጣ ሞተር የላኩልኝን ጥያቄዎች አሰባስቤ መልሻለሁ። አብዛኞቹ የመጡት ከጣና ዳርቻ ነው፤ ከሐዋሳም ከባሕር ማዶም የጻፉ አሉ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ሞተር የሚበላሸው ቆሞ በኖረባቸው ዓመታት ሳይሆን ባለቤቱ ባትሪ አምጥቶ ቁልፉን ባዞረባት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። በእጅ ያልዞረ ሞተር በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) አይዞርም።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ አባቴ ይሠራበት የነበረውን የብረት ጀልባ ማደስ ጀምሬአለሁ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ ብዙ ዓመት አልተነሣም። ሞተሪኖው ቀጭ ይላል እንጂ ሞተሩ አይንቀሳቀስም። ሞቷል ማለት ነው?

አልሞተም። በመጀመሪያ ሞተሪኖውን ተወው፤ የባትሪውንም ገመድ ንቀል። ቆሞ የከረመ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን በሚከብቡት የብረት ቀለበቶች ነው። እርጥበት በጭስ መውጫው በኩል ይገባና ፋሻውን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በቀጭን ዝገት ያጣብቀዋል። ይህ በትዕግሥት ይላቀቃል። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በሙሉ ፍታ፤ የቱቦዎቹን ጫፍ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍን፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኢንጀክተር ትጨርሳለችና። ከዚያ ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለህ በየሲሊንደሩ የፒስተኑ አናት እስኪሸፈን ድረስ ጨምር። አንድ ሌሊት አይበቃውም። ሳምንት ስጠው፤ በየቀኑ እያየህ የጎደለውን ሙላ። ፈሳሹ መጉደሉ ወደ ፋሻው እየዘለቀ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ሳምንቱ ሲሞላ የቫልቮቹን ክዳን አንሣና ዘንጎቻቸውን ዘይት አጠጣቸው። ከፊት ለፊት፣ የቺንጋው ፑሊ በታሰረበት ትልቅ ዳዶ ላይ ቁልፍ አስገብተህ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያልክ ተጫነው። በቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተህ አትንጠልጠልበት፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ዳዶው ወይም ፋሻው፣ ይሰበራል። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ዕረፍት። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ከተንቀሳቀሰ ቀሪው ይመጣል። ሲዞርልህ እያንዳንዱ ቫልቭ ወርዶ መመለሱን በዓይንህ እይ፤ ሁሉንም ለማየት ሁለት ሙሉ ዙር ያስፈልጋል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ በፒስተኑና ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ ይመታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ንቅንቅ ካላለ ቴስታታው ይውረድ። በመዶሻ የሚፈታ ነገር የለም።

ከጎርጎራ፦ መካኒካችን ኢንጀክተር መፍታት ጊዜ ማባከን ነው፣ ጠንካራ ባትሪ ከተገኘ ይነሣል ይላል። እርስዎስ?

ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። በብዙ ጀልባዎች ላይ የማቀዝቀዣው ውኃ የሚወጣው ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ያ ውኃ ከማርሚታው (ከጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ሊተኛ ይችላል። ውኃ ደግሞ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃው መሄጃ ያጣና ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ይታጠፋል። ባትሪው ጠንካራ በሆነ መጠን ጉዳቱ ይብሳል። ኢንጀክተሮቹ ከተፈቱ ግን ውኃው በቀዳዳው ፊን ብሎ ይወጣል፤ እርስዎ ፊትዎን ብቻ ያርቁ።

ከደቅ ደሴት፦ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል፤ ከልኩም በላይ ሆኗል።

ውኃ ገብቶበታል። በዚያ ዘይት በሞተሪኖ አታዙሩት፤ ዘንጉ የሚዞርባቸውን ብሮንዚናዎች ይበላቸዋል። ከዘይቱ ጋር ያልተዋሐደው ውኃ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ስለዚህ የማፍሰሻውን ብሎን ሳታወልቁ ጥቂት ብቻ አላሉት፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ነው። በዕቃ ተቀብላችሁ ለኩት። አንድ ሲኒ ከሆነ በእርጥበት የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሊትሮች ከሆነ ከየት እንደገባ ሳይታወቅ ወደ ፊት አይኬድም። የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን፣ የውኃ ፓምፑን ተጠራጠሩ። ልኩ ከፍ ብሎ ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት ኖሮ የናፍጣ ማቅረቢያው ፓምፕ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል እላችሁ ነበር።

ከሐዋሳ፦ በሰልባትዮው (በናፍጣ ታንኩ) ውስጥ ግማሽ ያህል የቆየ ናፍጣ አለ። አጥልለን ብንጠቀምበትስ? የናፍጣን ዋጋ ያውቁታል።

አውቀዋለሁ፤ የፖምፓና (ናፍጣውን በግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከው ነው) የኢንጀክተር ዋጋ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ግማሹ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ በሌሊት ቅዝቃዜ ከውስጥ ያልበዋል፤ ውኃው ከሥር ይጠራቀማል። ናፍጣና ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፤ ፊልትሮ የሚደፍነው ጥቁር ዝልግልግ ነገር የእነርሱ ሥራ ነው። ጀልባው ማዕበል ሲያንገላታው ይህ ሁሉ ይነሣል፤ ሞተሩም የሚቆመው ሐይቁ መካከል ነው። ሰልባትዮውን አጽድታችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ንጹሕ ጄሪካን በአዲስ ናፍጣ ሙሉና ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መስመሩን በአዲስ ፊልትሮ አሳልፋችሁ ከእርሱ አገናኙ፤ የመመለሻውንም ቱቦ ወደዚያው። አሮጌው ናፍጣ ብረት ይታጠብበት።

ከባሕር ዳር፣ ሌላ ጠያቂ፦ ናፍጣ አለ፣ ሞተሪኖውም ደህና ይዞራል፤ ነገር ግን ጭስ እንኳን የለም።

ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደር አልደረሰም፤ መስመሩ አየር ይዟል። በፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላና የማቅረቢያውን ፓምፕ የእጅ ማንሻ ደጋግመህ ግፋ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ ይወጣል። ብሎኗ እየፈሰሰች ሳለ ትጠበቅ። ማንሻው ባዶ ባዶውን ከተመላለሰ ፓምፑን የሚገፋው ካም ጫፉ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙርና ድገመው። በፖምፓው ላይም እንዲሁ አድርግ። በመጨረሻ የኢንጀክተር ቱቦዎቹን ዳዶ ጥቂት አላልተህ በሞተሪኖ አዙር፤ ናፍጣው ብቅ ሲል አጥብቅ። ከ15 ሰከንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ አታዙር፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል። እጅህን ወደ መጋጠሚያዎቹ አታስጠጋ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክልም ወዲያውኑ ሆስፒታል ያስኬዳል።

ከአዲስ አበባ፦ እንዲነሣ ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል የማስነሻ ፈሳሽ) ብንነፋበትስ?

አይሆንም፤ በተለይ ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ፈጽሞ አይሞከር። ኤተር ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይፈነዳና ፋሻውን ወይም ፒስተኑን ይሰብራል። ሞተሩ መጭመቅ ከደከመው በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ለጊዜው ክፍተቱን ይይዝለታል።

ከጎርጎራ፦ ተነሥቶ አልጠፋ ቢልስ?

ይህን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው። የናፍጣ ሞተር ለመቃጠል ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን የሚመጥነው ዘንግ በሙሉ ናፍጣ ላይ ደርቆ ከቀረ ሞተሩ ራሱን እስኪበታትን ድረስ ይሮጣል። ስለዚህ ከማስነሣትዎ በፊት የማጥፊያው ማንሻ ሄዶ መመለሱን በእጅዎ ያረጋግጡ። የአየር ፊልትሮውን ያውልቁና መግቢያውን ሙሉ በሙሉ የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ የያዘ ሰው አጠገቡ ያቁሙ። አየር ሲያጣ ይጠፋል። በመዳፍ ወይም በጨርቅ መድፈን አይገባም፤ ስቦ ይወስደዋል።

ከዘጌ፦ እምቦጭ የውኃ መግቢያችንን ይደፍነዋል። ሞተሩ ቢነሣም እንዳይግል እንሰጋለን።

ስጋታችሁ ትክክል ነው። የእምቦጩ ሥርና ቅጠል እንዳይገባ መግቢያው ላይ ሰፊ ወንፊት ይኑር፤ በየጉዞው ይጠረግ። ዋናው ግን በውኃ ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ጎማ ነው። ለዓመታት አንድ ቦታ ስለቆመ ክንፎቹ ተጣምመው ደርቀዋል። ሳትጠራጠሩ ለውጡት። ከአሮጌው የጎደለ ክንፍ ካለ ቁራጩን እስክታገኙት ድረስ ፈልጉ፤ የማቀዝቀዣውን ቱቦ የሚደፍነው እርሱ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ። ሞተሩ እንቢ ብሎ ደጋግማችሁ ስታዞሩት የውኃ ፓምፑም አብሮ ይዞራል፤ ውኃውን የሚገፋው ጭስ ግን የለም። ማርሚታው ይሞላና ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ስለዚህ በምታዞሩበት ጊዜ የውኃ መግቢያውን ዝጉ፤ እንደተነሣ ወዲያውኑ ክፈቱ። መክፈቱን የሚያስታውስ አንድ ሰው መድቡ።

ከስዊድን፣ ጎተንበርግ፦ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቻለሁ። ሞተሩ በቀጥታ በባሕር ውኃ የሚቀዘቅዝ ቮልቮ ፔንታ ነው፤ ብዙ ክረምት ደጅ ላይ አሳልፏል።

እኅቴ፣ ለአንቺ ከፋሻው በላይ የሚያሰጋኝ በረዶ ነው። ውኃው ሳይፈስ ከርሞ ከሆነ በረዶ ሆኖ የሞተሩን ግድግዳ ሰንጥቆት ይሆናል። ከመድከምሽ በፊት የማቀዝቀዣውን መስመር በውኃ ሙዪና በዘይቱ ውስጥ ወይም በውጭ በኩል የሚያንጠባጥብ እንዳለ እዪ። ጨው በመስመሩ ውስጥ ተጋግሮ ስለሚጠብም መጋጠሚያዎቹን ፈትተሽ ጥረጊ። ዝገቱን በራሱ ላይ የሚቀበለው የዚንክ ቁራጭ ካለቀ ይለወጥ።

ከባሕር ዳር፦ ከጅቡቲ የመጣ ያገለገለ ሞተር ገጠምን። ተነሥቷል፤ ጭነት ሲይዝ ግን ጥቁር ጭስ ያወጣል። ሻጩ በባሕር ላይ ደህና ነበር ይላል።

ሻጩ እውነቱን ይሆናል። ጣና ከባሕር ጠለል በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ያንኑ ናፍጣ ባነሰ አየር ያቃጥላል፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ይሆናል። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ፖምፓው በባለሙያ ይመጠንላችሁ፤ ፕሮፔለሩም በአነስተኛ ይለወጥ። በዚህ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሞተሩ የራሱ ዝግ የማቀዝቀዣ ውኃ ካለው፣ ግፊት የሚይዘው ክዳን ደህና ይሁን።

ከደቅ ደሴት፦ ሲነሣ ምን ያህል ጊዜ እናሠራው?

በመጀመሪያ ኢንጀክተሮቹ ሳይገጠሙ፣ ማጥፊያው ተስቦ፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሣ ድረስ በሞተሪኖ አዙሩት። ከተነሣ በኋላ በ10 ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካላሳየ አጥፉ። በጭስ መውጫው ውኃ መውጣቱን ተመልከቱ። ነጭ ጭስ ሲሞቅ ከጠፋ አያሳስብም፤ ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፣ ፋሻው ሲላቀቅ በጥቂት ሰዓታት ሥራ ሊቀንስ ይችላል። ውኃው ውስጥ ከሆነ ጀልባውን በጠንካራ ገመድ እሰሩና ማርሽ አስገብታችሁ ቀላል ጭነት ስጡት፤ ያለ ጭነት ለሰዓታት ማንቧቧት ሲሊንደሩን ከልክ በላይ ያለሰልሰዋል። ከዚያም ገና ትኩስ ሳለ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ለውጡ።