ቡቺን ይዤ ፒያሳ ላይ ማደር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው አዳማ ነው። ታናሽ እኅቴ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ትዳራለች፤ ድግሱ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላውን ውሻዬን ቡቺን የምተውለት ሰው ስለሌለኝ ይዤው እመጣለሁ። ያደግሁበት ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ፒያሳ ላይ የማርፍበት ቤት ስለሌለኝ፣ ለሠርጉ ሰሞን ከቀሩት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ማደር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን ገንዘቡን ካወጣን አይቀር ሊፍት ያለው አዲስ ባለ ኮከብ ሆቴል ይሻላል ይላል። ለውሻው የትኛው ይሻለዋል? ሆቴሎቹስ ያስገቡታል?
የቡቺ ባለቤት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አሮጌውን ምረጪ፤ ግን ምድር ቤት ያለ፣ በሩ ወደ ግቢ የሚከፈት ክፍል ካገኘሽ ብቻ ነው። ይህ ካልተገኘ ባለቤትሽ ልክ ነው።

በመሀል ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ለብዙ ዘመን የሃውስኪፒንግ ኃላፊ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ክፍልን የማየው ከወለሉ ጀምሬ ነው። የአዲሶቹ ሆቴሎች ወለል ብዙውን ጊዜ ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ነው። ያረጀ ውሻ እዚያ ላይ ሲቆም የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ይከፈቱበታል፤ ለመነሣት ይታገላል፣ ደጋግሞ ከተንሸራተተ በኋላም ከተኛበት መነሣቱን ይፈራል። የድሮ ቤት ጣውላ ጥፍር ይይዛል። አዲስ ሰም የተቀባ ከሆነ ግን እርሱም ያንሸራትታልና፣ ከአልጋው እስከ በሩ ምንጣፍ እንዲያነጥፉልሽ ለምኚያቸው። ፎቅ ላይ የማትወጪውም ለደረጃው ብቻ ብለሽ አይደለም። በጣውላ ወለል ላይ ውሻ ሌሊት ሲመላለስ የጥፍሩ ድምፅ ከታች ለተኛው እንግዳ አንድ በአንድ ይሰማዋል። ከመምጣትሽ በፊት ባለው ሳምንት ጥፍሩን አስቆርጪለት።

ሆቴሎቹ ያስገቡታል ወይ ላልሽው፣ ውሳኔው የየሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ትልቁ ነገር አጠያየቁ ነው። «ውሻ ይዤ ብመጣ ችግር አለው?» ብለሽ ከደወልሽ እንግዳ ተቀባዩ «ኧረ ምንም ችግር የለም» ሊልሽ ይችላል። በእርሱ ሐሳብ ቡቺ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ታስሮ ያድራል! አገራችን ውስጥ ውሻ የግቢ ነውና ልጁ አልዋሸሽም። ስለዚህ «ውሻዬ ከእኔ ጋር ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ክብደቱን፣ ዕድሜውን፣ ለጽዳት የሚጨመር ክፍያ መኖሩን ተነጋገሪ። ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ወይም ሥራ አስኪያጇ መፍቀዳቸውን በጽሑፍ ይላኩልሽ፤ በቴሌግራምም ይበቃል። ጠዋት ያነጋገረሽ ሰው ማታ ስትደርሺ ተረኛ ላይሆን ይችላል። ውሻን ቤት ውስጥ ማሳደር የውጭ አገር ሰው አመል ነው የሚሉሽን አትስሚያቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ በቤተ መንግሥታቸው ነበራቸው።

አሁን ደግሞ አደራ የምልሽን ስሚኝ። ቡቺን ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆልፈሽበት ወደ ሠርጉ እንዳትሄጂ። የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ የተሠራ ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ብርቱ የእሳት አደጋ ደርሶበታል። በዚያ ዘመን የተሠሩት የፒያሳ ቤቶች ወለላቸውም፣ ደረጃቸውም፣ በረንዳቸውም እንጨት የበዛበት ነው። እሳት ቢነሣ ሠራተኛው ሰውን ሲያስወጣ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለ ውሻ ማን ያስታውሰዋል? ከዘመድ ልጆች ውሻ የማይፈራ አንድ ጎረምሳ አስቀምጪ፤ ድርሻውን ከድግሱ በሳህን ይላክለት፣ የኪስ ገንዘብም ስጪው። የጥር ሌሊት ለአዳማ ውሻ ይቀዘቅዘዋል፤ የድሮ ክፍል ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም። ለዚህ መፍትሔው የለመደው የራሱ ብርድ ልብስ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለኩሶ መተው በእንዲህ ያለ ቤት ፈጽሞ አይሆንም።

ክፍልሽን ስለምታጸዳዋ ልጅም ላንሣ፤ እንግዶች የሚረሷት እርሷን ነው። ውሻ ብትፈራ አትፍረጂባት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ በሰፈሯ አንድ ሰው አጥታ ይሆናል። ሙስሊም ከሆነች ደግሞ የውሻ ምራቅ ልብሷን ቢነካት ከሶላት በፊት የነካውን ማጠብ ግድ ይላታል። ስለዚህ ክፍሉ የሚጸዳበትን ሰዓት ከእርሷ ጋር ተነጋግረሽ ወስኚ፤ በዚያ ሰዓት ቡቺን ይዘሽ ውጪ። አልጋው ላይ የሚወጣ ከሆነ የራስሽን አንሶላ ከላይ አንጥፊ፤ ከነጭ የአልጋ ልብስ ላይ ጸጉር መልቀም ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ጉርሻዋን በእጇ ስጫት። የክትባት ደብተሩንም ይዘሽ ነይ። ፀረ እብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካለፈበት ሳትውዪ ሳታድሪ አስከትቢው፤ ሠራተኛው ከሚረጋጋበት ነገር ዋናው ይህ ደብተር ነው።

የጠዋት ሽርሽሩን በማለዳ፣ በአዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ በማሰሪያ አድርጊው። በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ አቋርጠሽ እንዳትሄጂ፤ ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ታውቂያለሽ። መንገድ ላይ የወደቀ ሥጋ አያንሣ፤ በከተማችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ የማጥፋት ልማድ ነበር። በከተራና በጥምቀት ዕለት ፒያሳ በሕዝብና በከበሮ ስለሚሞላ ከበዓሉ በኋላ ብትገቢ ለእርሱ ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ድግሱ ነው። እንግዶች በፍቅር ነው የሚያጎርሱት፤ ውሻን የሚጎዳውም ይኸው ፍቅር ነው። ዶሮ ወጣችን ሙሉ በሙሉ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ምግብም ላረጀ ውሻ አይስማማም። ስለዚህ ከአዳማ የለመደውን ምግብ ይዘሽለት ነይ፤ ለጠባቂው ጎረምሳ ከሚላከው ሳህን ላይ ምንም እንዳያካፍለው አስጠንቅቂው። በሠርጉ ማግስት ወይም በተከታዮቹ ቀናት ድዱ ከገረጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም መነሣት ካቃተው፣ የመልሱ ድግስ እስኪያልፍ ሳትጠብቂ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው።

በጥር ሠርጉም በዓሉም አንድ ላይ ስለሚመጣ የመሀል ከተማ ክፍል ቶሎ ያልቃል፤ ምድር ቤት ያሉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቀብድ ከፍለሽ አስይዢ፤ ደረሰኙ ላይም የክፍሉን ቁጥርና ውሻ መፈቀዱን ያስፍሩልሽ።