የኪራይ ቤት ወለልና መጥረጊያ ሮቦት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ዕቃ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም በራሱ እየተሽከረከረ ወለል የሚጠርገውና የሚወለውለው ሮቦት ነው። ጠያቂዎቹ ያሉበት አገር ቢለያይም ሁሉም የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። ስለዚህም ጥያቄያቸው የትኛው ይሻላል ከሚለው ይልቅ፣ ቤቱን ሳላበላሽና ከአከራዬ ሳልቀያየም እንዴት ልጠቀምበት ወደሚለው ያዘነብላል። በሁሉም መልሶቼ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ማሽኑ ሲጠርግ ወለል የሚጎዳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ተከራይን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ውሃው ነው።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከአሜሪካ መጥረጊያ ሮቦት ላከችልኝ። የሰበሰበውን ቆሻሻ ራሱ የሚያራግፍበት ትልቅ መቆሚያም አለው። የሶኬት ማገናኛ ገዝቼ ብሰካው ችግር አለው? (ከጎሮ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እባክዎ ገና ከሆነ አይሰኩት። ማገናኛው የሚለውጠው የመሰኪያውን እግር ቅርጽ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ኃይል አይለውጥም። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ነው። መቆሚያውን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ 100–240 ቮልት የሚል ካገኙ ያለ ሥጋት መሰካት ይችላሉ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ የተሰካ ዕለት ይቃጠላል። ባትሪ ብቻ የሚሞሉት ትንንሾቹ መቆሚያዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ። ቆሻሻ የሚያራግፉት ትልልቆቹ ግን ውስጣቸው ራሱን የቻለ የመምጠጫ ሞተር ስላለ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። ትራንስፎርመሩ የሚችለው ዋት በመቆሚያው ላይ ከተጻፈው መብለጥ አለበት፤ መምጠጫው ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባልና። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አንዳንዴ ከመጠን በላይ ስለሚሆን፣ ዕቃውን ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከል ዲቫይደር ላይ ቢሰኩት ይመረጣል።

ገና ለመላክ ለምታስቡ ወገኖችም አንድ ነገር ልጨምር። የብዙዎቹ ሮቦቶች ባትሪ 14.4 ቮልትና 5200 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 75 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ይህም ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ ከሚያልፈው ከ100 ዋት ሰዓት በታች ነው። ሮቦቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ያረጋግጡ። መለዋወጫ ባትሪ ካለ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም።

ጥያቄ፦ የተከራየሁት አፓርታማ ወለሉ የእንጨት መልክ ያለው ሲሆን ውሉ ላይ «ወለሉ ላይ ውሃ እንዳይቆም» ተብሎ ተጽፏል። የገዛሁት ሮቦት ይጠርጋልም ይወለውላልም። ውልወላውን ልተወው ወይስ ልጠቀምበት? ዲፖዚቴን ማጣት አልፈልግም። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ መጀመሪያ ወለሉ ምን እንደሆነ ይለዩ፤ የእንጨት መልክ ያለው ሁሉ እንጨት አይደለም፤ መልሱም እንደ ወለሉ ዓይነት ይለያያል። ቪኒል (የፕላስቲክ ንጣፍ) ከሆነ ወለሉ ራሱ ውሃ ስለማይጠጣ በመጠኑ መወልወል አይጎዳውም። እውነተኛ እንጨት ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም ጣውላው ይጣመማል። ከሁሉም የሚያሠጋው ላሚኔት ነው። ከላይ የሚታየው የእንጨት ሥዕል ያለበት ስስ ሽፋን ሲሆን ውስጡ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ነው። ውሃ በመጋጠሚያው ሾልኮ ከገባ ጠርዙ ተነፍቶ ይቀራል፤ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ አከራይዎን ወይም የሕንጻውን አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመለሱልዎትንም ያስቀምጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሮቦቱ እየሄደ የሚተወው እርጥበት ስስ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ አደጋው ያለው ሲቆም ነው። እኔ ከዚህ ቀደም በተከራየሁት ባለ ፓርኬ ቤት፣ ሥራውን ጨርሶ መቆሚያው ላይ የወጣውን ሮቦት እርጥብ ጨርቁን ሳላወልቅለት ለሦስት ቀን ክፍለ ሀገር ሄጄ ነበር። ስመለስ ከሥሩ ያለው እንጨት ልክ የጨርቁን ቅርጽ ይዞ በግማሽ ክብ ጠቁሮ ጠበቀኝ። በጣቴ ስዳስሰው የሁለቱ ጣውላዎች ጠርዝ ከፍ ብሎ ነበር። በሰም ባሸው ጥቁረቱ ትንሽ ቀለል አለ እንጂ እብጠቱ አልወረደም። ለአከራዬ ነግሬ የማሠሪያውን ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ከመቆሚያው ሥር ውሃ የማያሳልፍ ምንጣፍ ሳላነጥፍ ሮቦት አስቀምጬ አላውቅም፤ ውልወላው እንዳለቀም ጨርቁን አውልቄ አሰጣለሁ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። የውሃውን መጠን ሮቦቱን ከሚያዙበት የስልክ መተግበሪያ ላይ ዝቅተኛው ላይ ያድርጉ፤ እርስዎ በሌሉበት ሰዓት እንዲወለውል አያዙት፤ መጋጠሚያው የተከፈተ ወይም ጠርዙ የተላጠ ቦታ ካለ መተግበሪያው በሚያሳየው የቤቱ ካርታ ላይ ውልወላ የማይደርስበት ክልል አድርገው ይከልሉት። ወለሉ ላሚኔት ሆኖ ከተገኘ ግን የእኔ ምክር ሮቦቱ ይጥረግ፣ ውልወላውን እርስዎ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ በእጅዎ ይሥሩት የሚል ነው። ዲፖዚቱን በተመለከተ በቨርጂኒያ ሕግ አከራዩ ገንዘቡን፣ ከቀነሰበትም ዝርዝሩን፣ ኪራዩ አብቅቶ ቤቱን ከለቀቁ በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት፤ በተለመደው አኗኗር ለመጣ ማርጀትም መቀነስ አይችልም። ያበጠ ወለልን ግን ከተለመደ ማርጀት ለማስቆጠር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሮቦቱን ከመጀመርዎ በፊት እያንዳንዱን ክፍል፣ በተለይም ማእዘኖቹንና የበር ሥሮቹን፣ ቀኑ በሚታይ ፎቶ ያንሱ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሑድ ቄጤማ ጎዝጉዤ ቡና አፈላለሁ። ሮቦቱ ከቡና በኋላ ያለውን ሁሉ ሊያነሳልኝ ይችላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁሉንም አያነሳም፤ ማንሳት የሌለበትም አለ። ቄጤማው ረጅምና እርጥብ ስለሆነ በሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ እንደ ክር ይጠመጠማል፤ ሮቦቱን ገልብጠው ቢያዩት ከብሩሹ ግራና ቀኝ ጫፍ አረንጓዴ ገመድ ተገምዶ ያገኙታል፤ የሚወጣውም በመቀስ ተቆርጦ ነው። ስለዚህ ቄጤማውን አስቀድመው በእጅ ይሰብስቡ። ፈንድሻ፣ የቡና ገለፈትና ፍርፋሪ ለሮቦቱ ቀላል ነው። የተደፋ የጤፍ ዱቄት ግን ሁለት ጣጣ አለው፤ ልመቱ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ የሚወለውለው ጨርቅ ከነካው ደግሞ ሊጥ ሆኖ ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ዱቄት በተደፋበት ቀን የውልወላ ጨርቁን ያውልቁት፤ ከጠረገም በኋላ ማጣሪያውን ያራግፉት።

አጥብቄ የማሳስብዎት ስለ ከሰሉ ነው። ከምድጃው የተፈናጠረ ፍም ወይም ከማጨሻው የወደቀ የእጣን ፍም ከላይ አመድ ለብሶ የጠፋ ይመስላል እንጂ ውስጡ ቀይ ሊሆን ይችላል። ሮቦቱ ይህን ከሳበ የሚያስገባው አቧራና ፀጉር ወደ ሞላበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ አየሩም እያራገበ ያቀጣጥለዋል። ምድጃው ከቤት ወጥቶ፣ ወለሉም በዓይን ታይቶ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳያልፍ ሮቦቱን አያስነሱት። በሰዓት ቆጣሪ እንዲነሳ አድርገውት ከሆነም የቡና ቀን ያንን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የበሮቹ ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ ሮቦቱ ከሳሎን አይወጣም። ደፉን ላስፈልጠው አስቤያለሁ፤ አከራዬን ማስፈቀድ አለብኝ? (ከጀሞ)

መልስ፦ ማስፈቀድ ግዴታዎ ነው፤ እኔ ግን ባያስፈልጡት እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ሮቦቶች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣሉ፤ በማስመሪያ ይለኩት። ከዚያ በላይ ከሆነ በሁለቱም በኩል ተዳፋት ሆኖ የተጠረበ፣ በሚስማርም በማጣበቂያም ያልተያዘ እንጨት ከአናጺ ማሠራት ይቻላል፤ ሲለቁም ይዘውት ይሄዳሉ። የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ ግን በምንም ምክንያት አይንኩት፤ እዚያ የተሠራው ውሃ ወደ ሳሎን፣ ብሎም ወደ ታችኛው ጎረቤት እንዳይሄድ ነው። ወደ መኝታ ቤት ሮቦቱን በእጅ አንስቶ መውሰድም ነውር የለውም።

አከራይዎ በቃል የፈቀዱትን ማንኛውንም ነገር በጽሑፍ ያድርጉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ጨርቁን ራሱ የሚያጥበው ዓይነት ሮቦት ለእኛ ይሆናል? በረኪናስ ልጨምርበት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጨርቁን ራሱ የሚያጥበው መቆሚያ የንጹሕ ውሃ መያዣው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይይዛል፤ በየጊዜውም መሞላት አለበት። በጀሪካን ውሃ ለሚኖር ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ጨርቁን እየጎተተ የሚሄደው ቀላሉ ዓይነት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ውሃ ይበቃዋል፤ ጨርቁን ልብስ ሲያጥቡ አብረው ያጥቡታል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህን እመርጣለሁ። ከሮቶ ወይም ከበርሜል የተቀዳ ውሃ ደለል ስለማያጣው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ይጨምሩ፤ ውሃው የሚንጠባጠብባቸው ቀዳዳዎች በቀላሉ ይደፈናሉ። በረኪና አይጨምሩ፤ የውስጡን ላስቲክና ብረት ይበላል። በሽታን የሚያሠጋ ነገር ከፈሰሰ በረኪናውን ለብቻው፣ በባልዲ፣ በእጅ መወልወያ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ አፓርታማውን ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ሼር ነው የተከራየሁት። ሮቦቱ ካሜራ አለው፤ አንዷ ልጅ ምቾት አልሰጣትም። (ከዱባይ)

መልስ፦ ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ልታከብሪላት ይገባል። ሩምባ የተባለውን ሮቦት የሚሠራው አይሮቦት የተባለ ኩባንያ ለሙከራ በሰጣቸው ሮቦቶች የተነሱ ምስሎች፣ መጸዳጃ ቤት የተቀመጠች ሴት ምስል ጭምር፣ ምስል ለመለየት በተቀጠሩ ሠራተኞች በኩል ወጥተው ማኅበራዊ መገናኛ ላይ መለጠፋቸው በ2022 እ.ኤ.አ. ተጋልጧል። ሰዎቹ መረጃ ለመስጠት ተስማምተው የነበሩ ቢሆኑም፣ ምስሉ ያን ያህል ይሄዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት የሚሻለው በጨረር እየለካ የሚሄደው፣ አናቱ ላይ ክብ ጉብታ ያለውና ካሜራ የሌለው ዓይነት ነው፤ በጨለማም ይሠራል። አሁን የገዛሽውን መቀየር ካልቻልሽ፣ ሳሎንና ማድ ቤት ብቻ፣ ሁላችሁም በተስማማችሁበት ሰዓት አሠሪው። ከዋይፋይ ጋር ባታገናኚውም አብዛኞቹ በላያቸው ባለው ቁልፍ ተነስተው ይጠርጋሉ።

ጥያቄ፦ ከታች ያሉት ጎረቤታችን በድምፁ ተማረሩ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀን፣ እርሳቸው ሥራ በሚሄዱበት ሰዓት ያድርጉት፤ ሰዓቱንም ራሳቸውን ጠይቀው ይወስኑ። የመምጠጥ ኃይሉን ዝቅ ማድረግም ድምፁን በጣም ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ቤት ልቀይር ነው። ሮቦቱን እንዴት ላጓጉዘው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የውሃ መያዣውን ባዶ አድርገው አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ትተው ያድርቁት፤ ውሃ የቀረበት ሮቦት በአይሱዙ ላይ ሲገለባበጥ ወደ ባትሪው ሊፈስ ይችላል። የድሮውን ቤት ካርታ ከስልክዎ ያጥፉት፤ አዲሱ ቤት ሲገቡ ወለሉ ላይ ያለውን ገመድና ጫማ አንስተው እንደ አዲስ ቤቱን እንዲዞር ያድርጉት። ጥቁር ምንጣፍ ካለዎት መጀመሪያ ቀን አብረውት ይቁሙ፤ ከደረጃ እንዳይወድቅ የሚጠብቁት መመልከቻዎች ጥቁሩን ገደል መስሏቸው ሊያቆሙት ይችላሉ። ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ መቆሚያው የነበረበትን ቦታ በቀን ብርሃን፣ ጎንበስ ብለው፣ በእጅዎ እየዳሰሱ ይዩት። እብጠት ወይም ጥቁረት ካገኙ አከራይዎ ሳያዩት በፊት እርስዎ ይንገሯቸው።