የሚሲሲፒ ቻይናውያን የት የት ይኖራሉ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ስለሚኖሩ ቻይናውያን አጠር ያለ ነገር ጽፌ ነበር፤ ዴልታ የሚባለውን የግዛቱን አካባቢም ደጋግሜ አንስቼ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የምኖረው ጎረቤት ግዛት ቴነሲ፣ ሜምፊስ ነው፤ ትንሽ ነዳ ካደረግኩ ሚሲሲፒ ነኝ። ሀይዌይ 61ን ይዤ ወደ ደቡብ ስመላለስ ዓመታት ሆኖኛል። ስለነዚህ ሰዎች ያገኘሁትንም ሁሉ አነባለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሚሲሲፒ ውስጥ ቻይናዊ አለ እንዴ? እኔ ጥቁርና ነጭ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አለ፣ ያውም ከ150 ዓመት በላይ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቆጠራ 16 ሰው ተመዝግቧል። በ1880 ደግሞ 51። በ2020 የግዛቱ ሕዝብ ወደ 2.96 ሚሊዮን ነበር፤ እስያውያን በሙሉ ተደምረው ከመቶ 1 ትንሽ ቢበልጡ ነው። ቻይናውያን የዚያ አንድ ክፍል ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የተቀመጡበት ቦታ ነው፤ ዱሮ ሌላ ቦታ፣ ዛሬ ሌላ ቦታ።

ጥያቄ፦ ዴልታ ዴልታ ትላለህ። ለምን እዚያ ሄዱ? ምን አገኙ?

ዴልታ ሲባል የወንዙ መጨረሻ እንዳይመስላችሁ። ከሜምፊስ እስከ ቪክስበርግ፣ በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተኛ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ነው። ጥጥ ይወዳል።

የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ባሮች ነጻ ሲወጡ የእርሻ ባለቤቶቹ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ዓይናቸውን ወደ ቻይና ጣሉ። በ1869 ሜምፊስ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ትልቅ ስብሰባ አድርገዋል። የመጡት ቻይናውያን ግን እርሻው ላይ አልቆዩም። ክፍያው አይረባም፣ ሥራው አጥንት ይሰብራል። ጥለው ወጡና ሱቅ ከፈቱ።

ሱቁን የከፈቱት ጥቁሮች ሰፈር ነው። ነጻ የወጣው ገበሬ እስከዚያ ድረስ ዱቄቱንም ጨውንም የሚገዛው ከእርሻው ባለቤት ሱቅ ነበር። ዕዳው ከዓመት ዓመት አያልቅም። ጥቁሩ ራሱ ሱቅ ልክፈት ቢል መነሻ ገንዘብ የለውም፣ ጅምላ ሻጩ አያምነውም፣ ሲያልፍለት ደግሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ጠላት ያፈራል። ነጩ ጥቁር ደንበኛን ማስተናገድ ይጸየፋል። ቻይናዊው በዚህ ክፍተት ገባ። ይህን ሳይናገሩ የቻይናውያኑን ታታሪነት ብቻ ማወደስ ልክ አይመስለኝም። ሱቁን ያቆመው የባለሱቁ ላብና የጥቁር ደንበኞቹ ሳንቲም ነው።

ሱቁን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላው ዱቄት፣ የአሳማ ስብ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ላምባ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋና ምድጃ አለ፤ ቤተሰቡ እዚያው ይኖራል። የመጀመሪያዎቹ ባለሱቆች እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ዱላ ያስቀምጣሉ፤ ደንበኛው አንስቶ የፈለገውን ዕቃ በዱላው ይጠቁማል። ከየዓይነቱ የመጨረሻዋን ቆርቆሮ ደግሞ አይሸጡም። የጅምላ ነጋዴው ሲመጣ እሷን አሳይተው «ይህን አምጣልኝ» ለማለት ነው። ዱቤም ነበር። ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ጥጡ ሲለቀም ይከፈላል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ የመናውያኑን «አረብ ቤት» ማስታወሱ አይቀርም። እኔም የመጀመሪያ ቀን ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን እንደ ሳንፍራንሲስኮ ቻይናታውን አልሠሩም?

ይህን የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ጥሩ ነጥብ ነው ያነሳሽው። ሱቅ ደንበኛ ይፈልጋል። አሥር ቻይናዊ አንድ መንገድ ላይ ሱቅ ቢከፍት ሁሉም ይራባል። ስለዚህ ተበታተኑ። ግሪንቪል፣ ግሪንዉድ፣ ክሊቭላንድና ክላርክስዴል ላይ በርከት ይላሉ። ከዚያ ውጭ እንደ ሮዝዴል፣ ማርክስ፣ ሆላንዴል ባሉ ትንንሽ ከተሞች አንድ ሁለት ቤተሰብ ታገኛለሽ። ብዙ በነበሩበት ግሪንቪል እንኳን ሱቆቹ በየሰፈሩ የተዘሩ ነበሩ።

ደግሞ ሕግ አለ። የ1882ቱ ሕግ ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለ፤ ነጋዴንና የነጋዴን ልጅ ግን ፈቀደ። ስለዚህ ሱቅ ያለው ሰው ልጁን ወይም የወንድሙን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ ያስመጣል። ልጁ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጥቂት ዓመት ይሠራል፣ ብድር ያገኛል፣ ከዚያ ቀጣዩ ከተማ ላይ የራሱን ይከፍታል። አብዛኞቹ ከአንድ አካባቢ፣ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ካለው ሲዪ የመጡ የሆኑት ለዚህ ነው። ካርታቸው የዘመድ ካርታ ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም። ክልከላው የተነሳው በ1943 ሲሆን ያኔም የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጆቻቸው የት ተማሩ? የጥቁር ትምህርት ቤት ነው የነጭ?

ይህ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው። በ1924 ሮዝዴል ውስጥ ማርታ ለም የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከነጮች ትምህርት ቤት ተባረረች፤ «ቻይናዊ ነሽ» ተብላ። ባለሱቁ አባቷ ጎንግ ለም ከሰሰ። ጠበቃው የቀድሞ የግዛቱ ገዢ ኤርል ብሩወር ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1927 ዳኞቹ ያለ ልዩነት ለግዛቱ ፈረዱ። ፍርዱን የጻፈው ዋና ዳኛው ታፍት ነው። ቻይናዊት ልጅ «ባለቀለም» ተብላ ወደ ጥቁሮች ትምህርት ቤት ብትመደብ መብቷ አልተጣሰም ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። የጎንግ ለም ቤተሰብ ክስ መለያየቱ ራሱ ስህተት ነው አላለም፤ ልጃችን ከጥቁሮች ጋር አትመደብ ነው ያለው። የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ሆን ተብሎ ገንዘብ የተነፈገው ስለነበር የወላጅ ጭንቀት ይገባኛል። ቢሆንም የሚያንገበግብ ነገር አለው። በዘር መለያየትን ትምህርት ቤት ውስጥ ፍርድ ቤቱ ያፈረሰው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1954 ነው።

ይህ ፍርድ ሰው አንቀሳቅሷል። የጎንግ ለም ቤተሰብ ወንዙን ተሻግሮ አርካንሳው ገባ። ሌሎች ልጃቸውን ወደ ሌላ ግዛት ዘመድ ጋ ላኩ። በ1937 ደግሞ ክሊቭላንድ ውስጥ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የቻይናውያን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ማደሪያ ነበረው፤ ሩቅ ያሉ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን እዚያ ላኩ።

ጥያቄ፦ አሁንስ ሱቆቹ አሉ?

በጣት የሚቆጠሩ። በ1944 ክላርክስዴል አጠገብ ሆፕሰን እርሻ ላይ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን ለሕዝብ ታየ። ማሽኑ የብዙ ሰው ሥራ ወሰደ። ገበሬው ባቡር ተሳፍሮ ቺካጎ ሄደ። ደንበኛ ሲሄድ ሱቅ ምን ይሆናል? ሱፐርማርኬቱም መጣ። ወላጆቹ ደግሞ ልጆቻቸው ባንኮኒው ጋ እንዲቀሩ አልፈለጉም። ልጆቹ ተምረው ፋርማሲስትና መሐንዲስ ሆኑ፤ ሜምፊስ፣ ሂዩስተን፣ አትላንታ፣ ካሊፎርኒያ ገቡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዛሬ ሚሲሲፒ ያሉት የት ነው የሚኖሩት?

ጥጥ ያለበትን ትታችሁ ዩኒቨርሲቲ ያለበትን ፈልጉ። ስታርክቪልና ኦክስፎርድ። ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎች፣ መምህራን ናቸው። ከዚያ በጃክሰን ዙሪያ፣ በተለይ ማዲሰን ካውንቲ፤ ሐኪምና ባለሙያ ይበዛል። በሰሜን ደግሞ የሜምፊስ ዳርቻ የሆነው ዴሶቶ ካውንቲ። የቻይና ምግብ ቤቶቹ በየትንሹ ከተማ አሉ፤ ብዙዎቹን የሚሠሩት ከቻይና ፉጂያን ግዛት የመጡ ሰዎች ናቸው። ከዴልታዎቹ ጋር በዘመድም በቋንቋም አይገናኙም። ሁለቱን አትደባልቋቸው። ቢሎክሲ ባሕር ዳር ሽሪምፕ የሚያጠምዱት እስያውያን ደግሞ በአብዛኛው ቬትናማውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ የአንድ ካውንቲ ቁጥር ብፈልግ የት አገኛለሁ? ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ወንድሜ፣ የቆጠራ ቢሮው ድረ ገጽ ገብተህ ሰንጠረዥ B02015ን ፈልግ። እስያውያንን በየአገር ዘራቸው ይለያል። ቢሮው ከሚያወጣው የማኅበረሰብ ጥናት (American Community Survey) የአምስት ዓመቱን ውሰድ፤ የአንድ ዓመቱ ትንንሽ ካውንቲዎችን አይሸፍንም። ከቁጥሩ ጎን ያለውን የስህተት ልክ ሳታይ እንዳትጽፍ። አንድ የዴልታ ካውንቲ «40 ሰው፣ ሲደመር ሲቀነስ 45» ቢልህ ምንም አልነገረህም ማለት ነው። ግዛቱ 82 ካውንቲ አለው፤ ለብዙዎቹ ይህ ችግር ያጋጥምሃል። የውጭ አገር ተማሪዎች የሚቆጠሩት በሚማሩበት ከተማ ስለሆነ ስታርክቪል ከፍ ብሎ ቢታይህ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ የዴልታዎቹ እንግሊዝኛ እንደ ደቡብ ሰው ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ስልክ ላይ ብትሰሟቸው የሚሲሲፒ ሰው ናቸው፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ሜምፊስ ለሠርግ እመጣለሁ። አንድ ቀን ቢተርፈኝ ምን ልይ?

በጠዋት ተነሺና 61ን ይዘሽ ውረጂ። ክላርክስዴልን አልፈሽ ክሊቭላንድ፣ የሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ዴልታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዴልታ ቻይናውያን ሙዚየም አለ። አስቀድመሽ ደውዪ፤ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ሚዛን፣ የሱቅ ዕቃ፣ የቤተሰብ ፎቶ ታያለሽ። ከዚያ ወደ ግሪንቪል ቀጥዪና የቻይናውያኑን መቃብር ጠይቂ። ከጥቁሮቹ መቃብር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ባለፈው ጸደይ ስሄድ ሣሩ ገና ታጭዶ ነበር። ድንጋዮቹ ላይ ስሙ በቻይንኛ ከላይ ወደ ታች ተጽፏል፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ። አንዱ ጋ ሰው ትኩስ አበባ አስቀምጦ ነበር፤ በቆርቆሮ ውስጥ።