ከተማሪ ማናጀር እስከ ዋና አሰልጣኝ፦ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት ላይ የመጡ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ለኮሌጁ ቡድን ተጫውቼ አላውቅም፣ ችሎታዬም አይደርስም። ነገር ግን አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ። መግቢያ አለኝ? ካለኝስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አለህ። መግቢያው የቡድኑ ተማሪ ማናጀር መሆን ነው። ማናጀሩ የልምምድ ሰዓት ይይዛል፣ ኳስ እየሰበሰበ ለወርዋሪው ይመልሳል፣ ወለል ይወለውላል፣ መለያ ያጥባል፣ እያንዳንዱን ውርወራና የባከነ ኳስ በወረቀት ይመዘግባል። ክፍያው ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። አሰልጣኞች ተጫዋቾቹ ከወጡ በኋላ የሚነጋገሩትን የምትሰማው ግን እዚያ ቆመህ ነው። ዳስቲ ሜይ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በቦብ ናይት ሥር ተማሪ ማናጀር ነበር። በ2023 የፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲን እስከ ፋይናል ፎር (የአገር አቀፉ ውድድር የመጨረሻ አራት ቡድኖች) አደረሰ፣ በ2024 ደግሞ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

ስለዚህ የቡድኑን የኦፕሬሽን ዳይሬክተር (የጉዞውንና የዕለት ተዕለት ሥራውን ኃላፊ) ዛሬ ነገ ሳትል በአካል ሄደህ አነጋግር። ከዚያ ጎን ለጎን አንድ ሙያ ያዝ፤ የጨዋታ ቪዲዮ መቁረጥ። አንድ ጨዋታ ውሰድና ኳሱ ወደ አንዱ ቡድን በገባ ቁጥር አራት ነገር መዝግብ፦ ጥቃቱ እንዴት ተጀመረ (ከሪባውንድ ማለትም ስቶ ከተመለሰ ኳስ፣ ከጎን መስመር፣ ከነጠቃ)፣ ምን ተሠራ (ፒክ ኤንድ ሮል ማለትም አጋር ተከላካዩን ከልሎ ወደ ቅርጫት የሚሮጥበት፣ የመልሶ ማጥቃት ሩጫ፣ ጀርባ ሰጥቶ ከቅርጫት ሥር)፣ ማን ወረወረ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። በአንድ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 70 ገደማ ጊዜ ያጠቃል። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል። ስትጨርስ ሁሉንም በአንድ ገጽ አጠቃልለው፦ የእያንዳንዱ ተጫዋች ጠንካራ እጅ፣ የሚወረውር ይሁን ኳስ እያነጠረ ወደ ቅርጫት የሚሰብር፣ ቡድኑ አብዝቶ የሚጠቀምባቸው ሦስት አደራደሮች፣ ከቅርጫቱ ሥር ካለው መስመር ኳስ ሲያስገቡ የሚያደርጉት። ከአንድ ገጽ ያለፈ ሪፖርት ተጫዋች አያነብም። እንዲህ ያለ ገጽ ሠርቶ የሚያሳይ ተማሪ በማግስቱ ሁለተኛ ሥራ ይሰጠዋል።

ከተመረቅህ በኋላ የተለመደው መንገድ ማስተርስ እየተማሩ ረዳት መሆን ነው። ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያህ ይሸፈናል፣ ለኪስ የምትሆን ትንሽ ገንዘብም ታገኛለህ። ቀጥሎ የኦፕሬሽን ወይም የቪዲዮ ሥራ ይመጣል፣ ከዚያም ምክትል አሰልጣኝነት። በአንደኛ ዲቪዚዮን (የኮሌጅ ውድድር ከፍተኛው እርከን) ከሐምሌ 2023 ጀምሮ፣ ከግቢ ውጭ ወጥተው ተጫዋች ከሚመለምሉት ሦስት ምክትሎች በተጨማሪ ሜዳ ላይ ማሠልጠን የሚችሉ ነገር ግን ውጭ ወጥተው የማይመለምሉ ሁለት ሰዎች ተፈቅደዋል። ለወጣቶች ጥሩ ዕድል ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በስመ ጥር ፕሮግራም (የዩኒቨርሲቲ ቡድን) ውስጥ የሆቴልና የአውቶቡስ ጉዳይ እያስፈጸሙ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ አንድም ቀን አንድ ልምምድ አልመሩም። ተጫዋች ሆነህ ያላለፍህ ሰው ስለሆንህ ሜዳ ላይ ድምፅህን የምታሰማበትን ቦታ ምረጥ። በሦስተኛ ዲቪዚዮን ወይም በሁለት ዓመት ኮሌጅ ሠራተኛው ጥቂት ስለሆነ ምክትሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሠለጥናል። ለመቶ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ ደግሞ ዋጋ የለውም። በክረምት ዩኒቨርሲቲዎች ለታዳጊዎች በሚያዘጋጁት ካምፕ ላይ ሥራ፤ አምስት ቀን አብሮህ የዋለ አሰልጣኝ ከማንኛውም የሥራ ማመልከቻ በላይ ያውቅሃል። በ1927 የተመሠረተው የአሰልጣኞች ማኅበርም ጉባኤውን በፋይናል ፎር ሰሞን ስለሚያካሂድ ክፍት ቦታዎች የሚወሩት በዚያ ሰሞን ነው።

ጥያቄ፦ የሴቶች ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። ዋና አሰልጣኟ «የሚመጣውን ማክሰኞ ልምምድ አንቺ ምሪው» አለችኝ። ቅዳሜ ጨዋታ አለን። ሁለቱን ሰዓት እንዴት ላዋቅረው?

መልስ፦ መጀመሪያ የሰዓት ሒሳቡን እወቂ። በውድድር ወቅት ደንቡ የሚፈቅደው የልምምድና የጨዋታ ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀንም ዕረፍት ነው። ቪዲዮ ማየትም ክብደት ማንሳትም ይቆጠራል፤ የጨዋታ ቀን የፈጀውን ያህል ቢፈጅ 3 ሰዓት ተብሎ ይያዛል። በሳምንቱ ሁለት ጨዋታ ካላችሁ ለሌላው ሁሉ የቀረሽ 14 ሰዓት ነው።

120 ደቂቃውን እንዲህ ብትከፋፍዪው እንመክራለን። 15 ደቂቃ ቪዲዮ፤ ቁርጥራጩ ከ12 አይብለጥ፣ ሦስቱ ልጆቹ በደንብ የሠሩት ይሁን። 8 ደቂቃ በፓስ የታጀበ ማሟሟቂያ። 12 ደቂቃ አራት ለአራት የመከላከል አቋቋም፤ አጥቂዎቹ ሦስት ፓስ ሳያደርጉ አይወረውሩም። እዚህ ላይ ዘወትር የሚበላሸው ከኳሱ የራቀችው ተከላካይ ኳሱን ብቻ ስታይ የራሷ ሰው ከኋላዋ ሲያመልጣት ነው። አንድ እጇን ወደ ኳሱ፣ ሌላውን ወደ ሰውዋ እንድትጠቁም አድርጊ፤ መጠቆም ካልቻለች የቆመችበት ቦታ ስህተት ነው ማለት ነው። ቀጥሎ 15 ደቂቃ አምስት ለአምስት የመልሶ ማጥቃት ሩጫ፣ ነጥብ እየተያዘ። ትንፋሻቸው ሳይመለስ 6 ደቂቃ ነፃ ውርወራ፣ እያንዳንዷ ሁለት ሁለት እየጣለች ቅርጫት ትቀይር፤ ጨዋታ ላይም የሚጣለው በድካም ነውና።

ከዚያ 20 ደቂቃ ለተጋጣሚው አጨዋወት። ብዙ የሴቶች ፕሮግራሞች ለዚህ ወንድ ተማሪዎችን ይጠቀማሉ፤ እናንተም ካሏችሁ አደራደሩን ቀደም ብለሽ አሳዪያቸው፣ አለዚያ የልምምዱ ሰዓት እነሱን በማስተማር ያልቃል። የመጀመሪያው 8 ደቂቃ በእርምጃ፣ ቀሪው 12 በሙሉ ፍጥነት። 18 ደቂቃ ለራሳችሁ ጥቃት ስጪ። 20 ደቂቃ ደግሞ ሁኔታ ፈጥረሽ አጫውቺ፦ አራተኛው ሩብ፣ 2 ደቂቃ ቀርቷል፣ በ3 ነጥብ እየመራን ነው፣ የቡድን ፋውላችን አራት ደርሷል። በሴቶች ጨዋታ በሩብ ውስጥ አምስተኛው ፋውል ሁለት ነፃ ውርወራ ስለሚያሰጥ፣ ቁጥሩ በሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ ልጆቹ የሚለማመዱት ሌላ ጨዋታ ነው። የመጨረሻው 6 ደቂቃ ቀላል ውርወራና ማቀዝቀዣ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። ጨዋታ ስታቆሚ ከ20 ሰከንድ አትለፊ፤ አንድ ስም፣ አንድ እርማት፣ ከዚያ ወደ ጨዋታው። ከሦስት ሰው በላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ከሆነ ወደ ሌላ ቅርጫት ክፈያቸው። አንዱ ክፍል ባይሳካ እንኳ ደቂቃው ሲያልቅ ተሻገሪ፤ የቀጣዩን ሰዓት ከበላሽ የሚቀነሰው መጨረሻ ላይ ያለው ነው፣ ያ ደግሞ ጨዋታ የሚያሸንፈው ክፍል ነው። ዩሲኤልኤን (በሎስ አንጀለስ ያለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ለ10 ሻምፒዮናዎች ያበቃው ጆን ውደን ልምምዱን በደቂቃ ከፋፍሎ በትንንሽ ካርዶች ይጽፍ ነበር። አንቺም ካርድ ያዢ፤ ማናጀሯም ቅጂ ይኑራት።

ጥያቄ፦ ቡድናችን በጨዋታ 70 ነጥብ እያስቆጠረ ይሸነፋል። አሰልጣኙ ግን «ጥቃታችን ደህና ነው» ይላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ነጥቡን ለብቻው አትይ፤ በስንት ጥቃት (ቡድኑ ኳስ ይዞ ባጠቃባቸው ጊዜያት) እንደተገኘ አስላ። ቀመሩ፦ የሜዳ ውርወራ፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ሲደመር የባከነ ኳስ፣ ሲደመር ነፃ ውርወራ በ0.475 ተባዝቶ። ቡድንህ 60 ወርውሮ፣ 10 ሪባውንድ ከተጋጣሚው ቅርጫት ሥር ወስዶ፣ 14 ኳስ አባክኖ፣ 20 ነፃ ውርወራ ካገኘ 73.5 ጥቃት አድርጓል። በ70 ነጥብ ሲሰላ በ100 ጥቃት 95 ገደማ ነው። በ62 ጥቃት 64 ያስቆጠረው ዘገምተኛ ቡድን ግን 103 አለው። የተሻለው እሱ ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱን ፈልግ። ተንታኙ ዲን ኦሊቨር በአራት ነገር ከፍሎታል፦ የውርወራ ጥራት፣ ኳስ ማባከን፣ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ወደ ነፃ ውርወራ መስመር መድረስ፤ በክብደትም ቅደም ተከተላቸው ይኸው ነው። ለውርወራ ጥራት የገቡትን ሁሉ ቁጠርና የባለሦስት ነጥቦቹን ቁጥር ግማሽ ጨምርበት። ከ60 ውርወራ 24 ገብቶ 8ቱ ባለሦስት ከሆነ 28 ለ60፣ ማለትም 46.7 በመቶ ነው። ያ ዝቅተኛ ነው፤ ችግሩ ከፍጥነት ሳይሆን ከሚመረጠው ውርወራ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለአሥራ አንድ ዓመት ምክትል ሆኖ ሠርቶ አሁን በአንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ እንዲሆን ተጠይቋል። ደስ ብሎናል፣ ግን አሰልጣኝ እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚባረር አያለሁ። ሳይፈርም ምን ይመርምር?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ስጋትዎም ተገቢ ነው። ውደን ዩሲኤልኤ የገባው በ1948 ሲሆን የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያገኘው በ16ኛ የውድድር ዘመኑ፣ በ1964 ነው። በ1,202 ድል ጡረታ የወጣው ማይክ ሺሸቭስኪም በዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፎ 47 ተሸንፏል፤ የስፖርት ዳይሬክተሩ ቶም ባተርስ ግን ውሉን አራዘመለት። ዛሬ ያን ያህል የሚታገሥ ዳይሬክተር ብርቅ ስለሆነ ትዕግሥቱ በውሉ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ከደመወዙ በፊት የመሰናበቻውን አንቀጽ ያንብብ። ያለ ጥፋት ቢሰናበት ከቀሪው ውል ምን ያህሉ ይከፈለዋል? አዲስ ሥራ ሲያገኝ ያ ገንዘብ ይቀነሳል ወይ? እሱ ራሱ ጥሎ ቢሄድስ ስንት ይከፍላል? «በጥፋት ማሰናበት» የሚለው ትርጉም ሰፊና ልል ከሆነ ጠበቃው ያጥብበው። በተለይም ከጥር 2023 ጀምሮ በሥሩ ያሉ ሠራተኞች የምልመላ ደንብ ቢጥሱ ዋና አሰልጣኙ በቀጥታ ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ከድሮ ሠራተኞች ማንን እንደሚያስቀር በራሱ የመወሰን መብት ይኑረው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ ቡድናቸውን ትልልቅ ቡድኖች ሜዳ ድረስ ልከው ያጫውታሉ። ገቢው ለስፖርት ክፍሉ ይገባል፣ ሽንፈቱ ግን በአሰልጣኙ ስም ይመዘገባል። በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ጨዋታ እንደሚጠበቅበት፣ ከገቢውም ለምክትሎቹ ደመወዝ የሚደርስ እንዳለ በጽሑፍ ይወቅ። ስድስት ከሆኑ የውድድር ዘመኑ በስድስት ሽንፈት ሊጀምር ይችላል። ሦስተኛ፣ የቡድኑን የትምህርት ውጤት መለኪያ ይጠይቅ፤ ከ1,000 የሚታሰበው የአራት ዓመቱ አማካይ ከ930 በታች ከወረደ ቡድኑ ከሻምፒዮና ውድድር ይታገዳል፣ ጉድለቱም የቀድሞው አሰልጣኝ ቢሆን ዕዳው ለእሱ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾች በየዓመቱ በሚዛወሩበት በዚህ ዘመን ምክትል አሰልጣኝ ቡድን የሚገነባው እንዴት ነው?

መልስ፦ ከ2024 ጀምሮ በትምህርቱ ደህና የሆነ ተጫዋች በፈለገው ቁጥር መዛወር ይችላል። በሰኔ 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ ስምምነቱን የተቀበለ የወንዶች ቡድንም እስከ 15 ተጫዋች ይይዛል። የሚሻለው ዘዴ ስም ከመቁጠር ይልቅ ደቂቃ መቁጠር ነው። አንድ ጨዋታ 200 የተጫዋች ደቂቃ አለው። የሚሄዱት ሰዎች 110 ደቂቃ ይጫወቱ ከነበረ የምትፈልገው ያንን 110 ነው፤ በየትኛው ቦታ እንደሆነም ለይ። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ባለው ሳምንት ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጋር ለብቻ ተነጋገር፤ የሚያመነታውን ቀድመህ ካላወቅህ ዜናውን ከሌላ ትሰማለህ።

የአንድ ተጫዋች ስም በዝውውር ፖርታሉ (መዛወር የሚፈልጉ በሚመዘገቡበት የኢንተርኔት ዝርዝር) ላይ ሳይወጣ ተጫዋቹንም ሆነ በመሀል የገባ ሰውን አታነጋግር፤ ጥሰት ነው። ሲወጣ ቪዲዮውን ከጠንካራ ቡድኖች ጋር ካደረጋቸው ጨዋታዎች ጀምረህ እይ። 45 ጊዜ ወርውሮ 40 በመቶ ባለሦስት ያገባ ተጫዋች ገና አልተፈተነም፤ የነፃ ውርወራው መቶኛ ስለ እጁ የበለጠ ይነግርሃል። ዝውውሮች በብዛት የሚፈርሱት ግን በትምህርት ክሬዲት ነው። በአንደኛ ዲቪዚዮን ተጫዋቹ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ ማጠናቀቅ አለበት፤ ክሬዲቱ ደግሞ ሁሉም ላይቆጠርለት ይችላል። ስለዚህ የውጤት ማስረጃውን ግቢውን እንዲጎበኝ ከመጋበዝህ በፊት ለሬጅስትራርና ለደንብ ቁጥጥር ክፍል ላክ፤ መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጥ።